የጣት ዋጋ

አባቴ ባቲ ላይ የግመል ደላላ፣
ከፎጣው ሥር በጣት ዋጋ የሚያሰላ።
እኔ ደሴ ሆኜ ሁለት ክረምት ሙሉ
ሐረጎን ሠራሁት፣ ከነጉም ቁልቁሉ፤
በስልክ የሚነዳ ሚኒባስ አክዬ፣
ሃምሳ ብር ለጠፍሁ፣ ለፋሁበት ብዬ።
ሦስት ሰዎች ገዙት። ሁለቱ ዘመዴ።
በነጻ ስለቀው፣ አሥር ሺህ ሰው ባንዴ!
ኩርባው ላይ ሲደርሱ ማስታወቂያ ዘሎ
ገደል ከተታቸው፣ «ሳሙና እንኩ» ብሎ።
ለእያንዳንዱ ገደል
ሳንቲም ደረሰኝ።

ሰኞ ማታ አባቴ፣ ነገሩን ሰምቶ፣
«ለሁሉም አንድ ዋጋ? ፊቱን ሳታይ ከቶ?»
ብሎ ሳቀ። ፎጣውን እጄ ላይ ጣለና
አራት ጣቴን ጨብጦ
አንዷን ተወ።

ስንት እንዳለኝ አልናገርም።
ሌሊቱን ግን
የመጨረሻዋን ኩርባ ቆለፍኋት።