ቦራ ሲነፍስ

ታገርት ይባላል፣ አሜሪካዊው፣ በትሪየስቴ ወደብ ሎሚ ተሸካሚ፤
አፍንጫው ሦስቴ የተሰበረ፣ ባንድ ጆሮው ሰሚ።
ልጆች ሲጠይቁት፣ «ኳስ ነው» ይላል፣ «ኳስ ነው የሠራኝ እንዲህ፣
ክብ ያልሆነ ኳስ፣ እንደ ቅል የሾለ ከወዲያ ከወዲህ።
የራስ ቁር የለን፤ ለመከታ ጠጉር ነበር የምናሳድገው፤
ኮሌጁ በመዝሙር፣ ሜዳው በጭቃ፣ ሕዝቡ በለው! በለው!»

የቀረውን ለእኔ ብቻ፣ በትኩሳት ሌሊት ነገረኝ፦
በኅዳር፣ ከክምሩ ሥር፣
አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር።
ሌሎቹ ተነሥተው ጭቃቸውን ሲያራግፉ
እሱ እዚያው ቀረ፣ ሣር እንደ ነከሰ አፉ።

ቦራ ሲነፍስ በየመንገዱ ገመድ ይዘረጋል፤
ቄሱም ነጋዴውም ገመድ ይዞ ይሄዳል።
ታገርት ግን አይዝም። ትከሻውን ዝቅ አድርጎ
ከነፋሱ ጋር ይጋጠማል፣ የሚጥለውን ፈልጎ።

ትናንት የዳቦ ጋጋሪዋ የኔሪና ልጅ ገመዱ አመለጠው፤
ነፋሱ እንደ ወረቀት ወደ ባሕሩ ጠርዝ ወሰደው።
ሽማግሌው ሮጠ። ወገቡን ያዘው። ጣለው። ወደቀበት።
ከዚያ ተንበርክኮ፣ መንካት ፈርቶ፣ ጠበቀ።

ልጁ ሳቀ።
ተነሣ። ጉልበቱን አራግፎ ቆቡን ፍለጋ ሮጠ።
መነሣት ያቃተው ታገርት ነበር፤
ከደረቅ ድንጋይ ላይ ጭቃ እየጠረገ ተቀመጠ።