የተውሶ ጭብጨባ

ሁለት መቶ ሰዓት ምስል ተዘርግፎልኝ፣
«ዘጠና ደቂቃ አውጣበት» ተባልኩኝ።
ጌንት ላይ፣ ቦዩ ዳር፣ ከጫማ ሰፊው በላይ፣
መስኮቴን በጥቁር ጨርቅ ጋርጄ ከፀሐይ
ስቆርጥ እውላለሁ።

በቋንቋችን ስንቱ ነው የሚቆረጥ ነገር፦
ትኬት ለመሳፈር፣ ቀን ለሠርግ፣ ለማኅበር፣
ተስፋም፣ ሲመሽ፣ ሲመር።
ይህን ለአዘጋጇ ለሊቨ ብነግራት ሣቀች፤
«እኔ የደወሉን ዙር ቁረጥልኝ» አለች።

ሜዳው የጥድ ሳንቃ፣ ዙሪያውን የነጠፈ፣
ጠርዙን እንደ ሳህን ወደ ላይ ያጠፈ።
ስድስተኛው ሌሊት፣ ደወሉ ሲደወል፣
ስታይን ወደቀ፤ ጎማው ለብቻው ሲንከባለል
ሦስቱ ካሜራዎች አሸናፊን አጅበው ሄዱ፤
የአራተኛው ባለቤት ቢራ ፍለጋ መውረዱ
በጀኝ። ካሜራው ቆሞ ቀረ፣ ዓይኑን ሳይከድን፦
ስታይን ተነሣ። እንደ ታመመ ልጅ አዝሎ ብስክሌቱን
በእግሩ ዞረ፣ ያቺን የቀረችውን አንድ ዙር፣
ከባዶ ወንበር ወደ ባዶ ወንበር።
አንዲት ጽዳት ሠራተኛ
የቢራ ኩባያ ትጠርጋለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ለእኛ።

ድምፁን ከፍ አደረግሁ፦ የማሞቂያ እሮሮ፣
ኳ፣ ኳ፣ የጫማው ብረት፣ ያነከሰ ከበሮ።
«ቀዘቀዘብኝ» አለች ሊቨ።

ከሁለተኛው ሌሊት ክምር ቆፍሬ አወጣሁ፦
ባረንድ በሜዳው መሃል ትራምፔቱን ሲያወርድ የፈነዳ
እውነተኛ ጭብጨባ። እውነተኛ፤ ግን የባዳ።
ለስታይን ትከሻ አለበስኩት፤ ስፌቱ አይታይም፣
ከምድር ቤቱ ጫማ ሰፊ እኔ አላንስም።
ያቺ ሴት ግን፣ ከባዶ ወንበር ጋር፣ ታሳጣኛለች፤
ቆረጥኳት። አራት ሰከንድ ነች።

በምረቃው ማታ አዳራሹ ቆሞ አለቀሰ።
ስታይን በሩ ላይ ጠበቀኝ፤ እጁን ዘርግቶ መለሰ።
«ያን ሌሊት እኮ» አለኝ «ማንም አላጨበጨበም።
ይሁን፣ አላማርርም።
ግን ያቺ ሴት መጥረጊያዋን አቁማ ነው ያሳለፈችኝ፣
ልክ እንደ ባንዲራ፣ ቀጥ አድርጋ። እሷ ብቻ ናት ያየችኝ።
የት ጣልካት?»

ፊልሙ ለሦስት ጣቢያ ተሸጧል።
ጫማ ሰፊው ዘግቷል፤ የመጨረሻው ትራም አልፏል።
ማሽኔን ከፍቼ፣ የቆረጥኩትን እቀጥላለሁ፤
ለማንም አይደለም።

ኳ፣ ኳ።
መጥረጊያው ይቆማል።
ወደ ኋላ መልሼ፣ እንደገና፦
ይቆማል።