ማክሰኞ በኮልበርን ኩሬ

የኔ ሥራ በር ነው።
ከግንቦት እኩሌታ ቅጠል እስኪረግፍ
በሣንቃ ጎጆ ውስጥ ቲኬት ቆርጦ መጻፍ፣
መኪና ሲመጣ አራት ዶላር መቀበል፣
ካርታውን ዘርግቶ፦ “ኩሬው በዚህ በኩል።”

መኪናውም አይበዛ።
ከቬርሞንት ፓርኮች ይሄ ነው ትንሹ፤
ተራራ የለውም፣ ፏፏቴ እሚሹ
አንዴ ዞር ይሉና ወዲያው ነው እሚሸሹ።
ያለው አንድ ኩሬ ነው፣ በእግር ቢዞሩት
ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚጨርሱት፤
ሜፕሉ፣ ጥዱ፣ ልጡ እንደ ወረቀት
የሚላጥ ነጭ ዛፍ ዙሪያውን የቆሙለት።

ቬስታ ኮልበርን ግን ማክሰኞን አትስትም።
ሰማንያ አንድ ዓመቷ። ጉልበቷ አያምናትም።
ፒካፗ አሮጌ ነው፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣
ከመታየቱ በፊት የሚሰማ ሲያንኮራፋ።
አራት ድፍን ዶላር ቆጥራ ትሰጣለች፤
“ላዛውንት ነፃ ነው” ስላት ትቆጣለች፦
“ባባቴ በር ስገባ በነፃ? አይሆንም!
ላሞቹም ወተት እንጂ በነፃ አልኖሩም።”

የተቀመጥኩባት፣ ይህቺ የኔ ጎጆ፣
የአባቷ የላም ጋጥ ነበረች ድሮ።
ጫካው ሁሉ ማሳ። ጥዶቹ በሙሉ
ከቬስታ ያንሳሉ፤
እንግዶች ግን ቀና ብለው “ጥንታዊ ደን!” ይላሉ።
ሰምታ አታርማቸውም።
በሆዷ ስቃ ታልፋለች እንጂ አትነግራቸውም።

አባቷ፣ ኤዝራ፣ መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣
መንገድ ላሳጥር ብሎ፣ የረጋ መስሎት ግግሩ በረዶ፣
ድርቆሽ የጫነ ጋሪ በኩሬው ላይ ነዳ።
በረዶው ከዳው።
ፈረሶቹን በቢላ፣ ጠፍር ቆርጦ አዳነ፤
ጋሪው ግን ከነድርቆሹ፣ ከነፋኖሱ ሰጠመ፣ ባከነ።
እንዲህ ነው ያለው። ማን አመነው?
“ሽጦ ጠጥቶት ነው” አለ መንደሩ፣
ወንድሙም አንድ ሆነ ከመንደሩ።
እናቷ? ዝም አለች።
ዝምታዋ ግን ገበታው ላይ ወንበር ስቦ፣
ሠላሳ ዓመት በላ ከቤተሰቡ ተሰብስቦ።

ኤዝራ ሞተ። መሬቱን መንግሥት ገዛው።
ማሳው ዛፍ ሆነ፣ ጋጡ በር፣ ታሪኩን ሣር ዋጠው።

አምና ዝናብ ጠፋ።
ኩሬው ወደ መሃሉ፣ ጭቃው ወደ ዳር ሰፋ።
እንቁራሪት እንኳን ድምጿን ቆጠበች።
አንድ ሰኞ ከጭቃው ጠርዟ ብቅ አለች፤
ግማሽ ክብ፣ ዝገት የበላት፣ የጋሪ ጎማ ብረት።
እኔ ምን አውቄ?
መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፦ “አደገኛ ብረት። ይነሣ በፍጥነት።”

ማክሰኞ ቬስታ መጣች።
አየች። ቆመች። ጫማዋን አወለቀች።
ልደግፋት ስል “ተዪኝ” አለች።
ጭቃው እስከ ጉልበቷ፣ ብረቱን በመዳፏ፣
ትኩሳት እንዳለው ልጅ ግንባር ዳሰሰችው።
“አንተ ሽማግሌ፣” አለችው፣
“ለካ አልሰከርክም።”
ሳቀች፤ ሳቋ ኩሬውን ዞሮ ሳይመለስ ቀረ፤
ወይም ተመልሶ ሌላ ነገር ነበረ።

“ለማን ልንገር?” አለችኝ ጭቃዋን እየጠረገች፣
“ያሙት ሁሉ ከጎኑ ተቀብረዋል።”
እውነት እያደር ይጠራል ይባላል፤
ይጠራል። ግን አዳሪው ያልቃል።

መዝገቡን አወጣሁ፣ የጻፍኩትን ሰረዝኩ፦
“ኩሬው ደህና ነው። ምንም የለም” አልኩ።
በመስከረም ዘነበ። ውሃው ቦታውን ያዘ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።
ፒካፑ ሲያንኮራፋ ሰማሁት ገና ከኮረብታው።
ስምንት ዶላር ዘረጋች። “አበዛሽው” አልኳት።
“አራቱ የኔ። አራቱ የጋሪው ነው።
ሰባ ሁለት ዓመት ቆሞ የለ? ይከፈልለታ!”

ሁለት ቲኬት ቆረጥኩ።
በአንዱ ላይ፣ “የተሽከርካሪ ዓይነት” ከሚለው ፊት፣
“የድርቆሽ ጋሪ” ብዬ ጻፍኩ።