ወደ ጎን

ፖስተሩ የሚለው «ስምንቱ ሸርጣኖች»፣
የቆምነው ግን አምስት፣ አምስት ሥራ ፈቶች።
ዴዝመንድ ነው የዋሸው፤ «ራት በነፍስ ወከፍ ነው፣
ስንት ናችሁ?» ቢሉት፣ «ስምንት» ብሎ አረፈው።
ስምንት ሰሃን ዓሣ፣ የድንች ጥብስ ክምር፣
አምስት ሆድ ጠረገው ፍርፋሪ ሳያስቀር።
«ሦስቱሳ?» አለ አሳላፊው፣ ወገቡን ይዞ አፍጥጦ፤
«መንገድ ላይ ናቸው» አልነው፣ ጉንጫችን በድንች አብጦ።

መንገድ ላይ ቀሩ እንጂ
ሠላሳ ሰባት ዓመት፣
የሰው ልጅ እንዲህ አይቆይም
ለአንድ ራት።

ግሪምስቢ ነው ነገሩ። ሰማዩ ግራጫ፣
ባሕሩ ግራጫ፣ የሰው ፊት ግራጫ፤
ቀይ ቢፈለግ የዓሣው ስንጥብ ብቻ።
ዊኒፍሬድ ሰፋችልን፣ ከዓሣ ፋብሪካው ስትወጣ፣
ከአጥማጅ ካፖርት ላይ ብርቱካን ቀለም አምጥታ፤
ሆዱን በስፖንጅ ሞላች የአክስቷን ፍራሽ ፈትታ፣
ዓይኑን በሽቦ አቆመች የፒንግ ፖንግ ኳስ ሰክታ።
«ቀዳዳው ለጣት ነው፣ በግራው መቆንጠጫ» አለች፤
«ለሽንትስ?» ቢላት ዴዝመንድ፣
«ጠጥታችሁ አትምጡ» ብላ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

ዜማውን ያመጣው ኤጀርተን ነው፣ ትሮምቦኑን በፎጣ ጠቅልሎ፣
የጃማይካዊት ነርስ ልጅ፣ ከእናቱ ሬዲዮ ሥር በቅሎ።
«እግር መሬት ሲነካ» አለን፣ «እዚያ ላይ ሁሉም ይመታል፤
እግር አየር ላይ ሲሆንስ?
ያ ባዶ ቦታ የማን ነው? ጊታሩ እዚያ ይገባል።»
ስካ ማለት ይኸው ነው፦
ሰው ሲወርድ አንተ ስትወጣ፣
ከምቱ ኋላ ቀርተህ
ቀድመህ እንደ መጣህ።

ከዚያ ሮኩ ይከተላል፣ ዴዝመንድ ማጉያውን ሲያስጮኸው፣
የጣሪያው አቧራ ወርዶ የኳስ ዓይናችንን ሲያለብሰው።
አረማመዳችን በጎን ነው፣ እንግዲህ፣ ሸርጣን ነንና፤
መድረኩ ግን ጠባብ ነበር።
ከበሮ መቺው ሮላንድ አንድ ማታ ከጫፉ ወደቀ፣
ሕዝቡ ቀልድ መስሎት ሆዱን ይዞ ሳቀ።
ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ወደቀ።

አንድ ቅዳሜ በቴሌቪዥን ታየን፣ ለሦስት ደቂቃ።
ከለንደን ሰው መጣ ወዲያው፣ ጫማው የተወለወለ፣
«ሙዚቃችሁ ደግ ነው፤ ሸርጣኑን አውልቁት» አለ።
አወለቅነው። ነጭ ሸሚዝ፣ የተበጠረ ጠጉር፣
ሊድስ ላይ ቆምን፣ እንደ ባንክ ጸሐፊ፣ ከመድረኩ ዳር።
ያው ዜማ፣ ያው ትሮምቦን። አንድም ጥርስ አልታየ።
ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ «ሸርጣኖቹ መቼ ነው የሚመጡት?»
«መንገድ ላይ ናቸው» አለ ኤጀርተን፣
ያን ማታ ግን ከመካከላችን የሳቀ አልነበረም።

ወደ ላይ አልወጣን፣ ወደ ታችም አልወረድን፤
ለብሰነው ተመለስን፣ ሱፐርማርኬት መረቅን፣
በማናውቃት ሙሽራ ቬሎ ላይ ስፖንጅ አራገፍን።
ፋብሪካው ተዘጋ። ዊኒፍሬድ መነጽር ቀየረች፣
ሆዳችን በሰፋ ቁጥር ስፖንጁን እየቀነሰች፤
በኋላ በኋላማ
ሆዱ የራሳችን ነበር።

ኤጀርተን ጥር ላይ ሞተ። ኑዛዜው አንድ መስመር ናት፦
«ልብሱን ለብሳችሁ ሸኙኝ።» ቄሱ ሁለቴ አነበባት።
አራት ሸርጣን ሬሳ ሳጥን ተሸክሞ
በቤተ ክርስቲያን በር ፊት ለፊት አያልፍም፤
መቆንጠጫው ይጠላለፋል፣ ዓይን ከዓይን ይጋጫል።
በጎን አስገባነው።
ዝም። ከዚያ ከፊት ወንበር፣ በዘጠና አንድ ዓመቷ፣
የሳቀችው እናቱ ናት፣ ባርኔጣዋ እስኪወድቅ ከአናቷ።
ሮላንድ ደረጃው ላይ ወደቀ።
አውቆ ይሁን ጉልበቱ ከድቶት
አልጠየቅነውም።

የመጨረሻው ምሽት የትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር፤
አንድ ልጅ መድረኩ ሥር ቆሞ በጣቱ ይቆጥረን ጀመር።
«አራት ናችሁ» አለ፣ «ፖስተሩ ስምንት ይላል።»
ዴዝመንድ ጎንበስ አለ፣ አንድ ዓይኑ ከሽቦው ተነቅሏል፤
የለመደውን ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው።
«አንዱ ሊጠራቸው ሄዷል» አለው።
ልጁ በሩን አየ።
እኛም፣ እንደ ጅል፣ አየን።

ከዚያ ራት፣ የስምንት ሰው። ዴዝመንድ ጨው ተከልክሏል፣
ሮላንድ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሆቴል ረስቶ መጥቷል።
ዊኒፍሬድ የቀረውን ድንች በሶፍት ጠቅልላ
ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።
«ለነገ» አለች።
ነገ ምንም ዝግጅት የለንም።