ያልገባን ልጅ

ጥቁር አንበሳ ግቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር ሲታይ፣
ጠባብ ቢሮ ነበረኝ፣ የመስኮቱ መስታወት ስንጥቅ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርኩባት አንድ ጥያቄ ስጠይቅ፦
ከዚህ ሁሉ ልጅ መሐል ሐኪም የሚወጣው ማነው?
ነጩን ጋውን ሳይለብስ በምን ምልክት እንለየው?

ጎረቤቴ፣ ዶክተር ሲሉኝ ሰምታ፣ የሚያስል ልጇን አመጣች፤
«እኔ የምመረምረው ሐኪሞችን ነው» ስላት ደነገጠች፤
«ውይ! እነሱን ደግሞ ምን ነካቸው?»
ብዙ ወረቀት አሳትሜያለሁ፤ ለእሷ የሚሆን መልስ ግን አጣሁ።

የማውቀው ይህን ያህል ነው፦
የማትሪክ ውጤት አንደኛ ዓመትን ያሻግራል፤
አናቶሚን ያሳልፋል፣ ከባዮኬሚስትሪ ጋር ይታገላል፤
ዋርድ በር ላይ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል።
ይህችን ለማለት ዘጠኝ ዓመት፣ ሁለት ሺህ መቶ አርባ ስም፤
ጽሑፌ ሲታተም ሠንጠረዥ ሦስት ተገልብጦ ወጣ፤ ያስተዋለ ሰው የለም።

የቃል ፈተናውም ቢሆን፣ ዳኛ ሆኜ የተቀመጥኩበት፣
ጫማው ለሚያብረቀርቅ ግማሽ ነጥብ እንደሚጨምር፣
አማርኛው የሚሰበረውን በግማሽ ነጥብ እንደሚያስቀር፣
ዘግይቼ ነው የደረስኩበት።

ነሐሴ ነበር፣ ሰማንያ ሰባት፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣
ሃያ ሁለት ልጅ አግዳሚው ላይ ተራውን ሲጠብቅ፣
አንዱ ገባና ከገላውዴዎስና ከእኔ ፊት ተቀመጠ፣
የውሰት ኮቱ እጅጌ ጣቶቹን እንደዋጠ።
ቶሌራ፣ ከግንደበረት።
«ሐኪም መሆን ለምን ፈለግህ?» ያው ጥያቄ፣ ያው ወረቀት።
ከእሱ በፊት አሥራ ሦስቱ «ወገኔን ለማገልገል» ብለውናል፣
በአንድ ቃና፣ እንደ ሰልፍ መዝሙር፤ ስምንት ስምንት ሰጥተናል።
እሱ ጣሪያውን አየ። ዝናቡን ሰማ። እጅጌውን ወደ ላይ አጠፈ።
«አላውቅም» አለ። «ሲገባኝ እነግራችኋለሁ።»
ገላውዴዎስ ሳቀ፤ የእኔ ቀይ እስክሪብቶ ሦስት ቁጥርን ጻፈ።

በግማሽ ነጥብ ቀረ።
ግማሽ ነጥብ፦
ወያላ ረስቶት የሚሄድ፣ የታክሲ መልስ የማትሞላ።

ኋላ ግራፍ ስሠራ፣ የገቡትን በነጥብ በነጥብ ስደረድር፣
ስምንት ያገኘው ምን ሆነ፣ ዘጠኝ ያገኘው የት ደረሰ ብዬ ስመረምር፣
ቶሌራን ፈለግሁት። የለም። ያልገባ ሰው ነጥብ የለውም።
በሩን የዘጋነው እኛ፤ «በሩ ልክ ነው» ያልነው እኛ፤
ውጭ የቀረውን ግን ማንም ጠርቶ አልጠየቀውም።

ከስምንቶቹ አንዱ፣ አንድ ሌሊት፣ ሕፃናት ክፍል ተረኛ ሳለ፣
የልጅቷ ሕመም ሳይገባው፣ ለእናቲቱ «ቀላል ነው፣ አይዞሽ» አለ።
አለቃውን አልቀሰቀሰም። አፉ ያችን አንድ ቃል አልለመደም።
ሲነጋ ፍራሹ ታጥፎ ነበር።
ካርዱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤
የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል፣ አንድ ስርዝ የለበትም።

ባለፈው ወር ሸኙኝ፤ ጋቢ ደረቡልኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ።
ወጣቷ ዲን፣ ሶሊያና፣ ማይክሮፎኑን አቀብላኝ
«ታዲያ ማንን እንምረጥ?» አለችኝ።
ጣሪያውን አየሁ። ዝናብ አልነበረም። የኮቴን እጅጌ አጠፍኩ።
«አላውቅም» አልኩ።
አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ትሕትና መስሏቸው።

ቶሌራ እንኳ የዚያን ቀን ቀጠሮ ሰጥቶን ነበረ፤
እኛ ስላልገባን፣ እሱ ሳይገባ ቀረ።

ደረጃውን በእግሬ ወረድኩ፤ ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም።
አግዳሚው እዚያው ነው፣ አረንጓዴ ተቀብቷል።
አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፦
«ወገኔን... ወገኔን ለማ...»
«ተይው» ልላት ጎንበስ አልኩ።
ተውኩት።
በሩ ውስጥ የተቀመጡትን አውቃቸዋለሁ፤
ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።