ከአንድ ጀምሮ

ሽቼቺን። ኅዳር ነው። ትራሙ ዘግይቶ፣
የካፖርቴ ትከሻ ርሷል ዝናብ ጠጥቶ።
መስኮት ከሚሠራ ፋብሪካ ገባሁኝ፤
ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወንበሩን አሳዩኝ።

ጠያቂው ልጅ ነው፤ ገና ያልጠና ጢም፤
ስሙ ራዶስዋፍ፤ ትሑት ነው፤ አይቆጣም።
ወረቀቴን ያያል ከላይ ወደ ታች፤
ጣቱ መሐል ደርሳ ቀጥ ብላ ቆመች።
«ወይዘሮ ቦጉሚላ፣ እዚህ ጋ… አራት ዓመት
ምንም አልተጻፈም። ምን ነበር ይህ ክፍተት?»

ክፍተት።
በነሱ ሙያ ክፍተት ብርድ የሚገባበት፣
በሲሊኮን ሞልተው ጠርዙን የሚጠርጉት።

ለዚህ ጥያቄ እንኳ መልስ ነበረኝ።
ሥራ የምታገናኝ ሴት ነች ያስጠናችኝ፤
ሃሊና፣ ጥፍሯ ቀይ፣ ልቧ የማይከፋ፣
እንደ ዳዊት አስደገመችኝ ቀኑን ሙሉ ለፍታ፦
«"ሥራ ፈትቼ ነበር" አትበይ፤ ያስጠላል።
"የቤተሰብ ጉዳይ" በይ፤ እሱ ይበቃል።
ፈገግ በይ፤ ቶሎ ወደ ዛሬ ተሻገሪ፤
ስለ በሽታ ግን አደራ እንዳታወሪ።»

አጥንቼው ነበረ። አፌ ላይ ነበረ።
ግን አፌን ስከፍተው ሌሼክ ተቀደመ፣
ወንድሜ፤ ቃል ጠፍቶት አየር የሚያላምጠው።

ሌሼክ የመርከብ ቀለም ቀቢ ነበረ፤
አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግማሹ ታሠረ።
ቀኝ እጁ ከዳው፤ ምላሱ ደነዘዘ፤
የሚያውቀው ቃል ሁሉ በየቦታው ፈዘዘ።
ማንኪያውን «በር» አለው፤ እኔን «እሑድ» አለኝ፤
«ሄጄ ነበር» ሲል ነው ውሃ የሚለምነኝ።
ሚስቱ ድሮ ሄዳ ስዊድን ቀርታለች።
ልጃቸው ኢዳ ግን አልጋው ሥር ቆማለች።

ሐኪሟ ጠየቀች፦ «ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?»
ያውቀዋል። ቁጥሩ ዓይኑ ውስጥ ነው፣ ይኸው።
ግን «ሰባት»ን ለብቻው ማንሣት አልሆነለት፤
እንደ ደረጃ ነው፤ አይዘለልለት።
«አንድ» አለ። «ሁለት። ሦስት። አራት።» ላብ ፈሰሰ።
«አምስት። ስድስት። ሰባት!» ሰባት ላይ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ ኑሯችን እንዲህ ሆነ፦
ሐሙስን ለማለት ሰኞን ያስቀድማል፤
ግንቦትን ለማግኘት ከጥር ይጀምራል።
ፌርማታ ላይ ቆጥሮ «አሥራ ሁለት» እስኪል
አሥራ ሁለት ቁጥር ትራም ጥጉን ታጥፎ ይሄዳል፤
ሁለታችን እንስቃለን፤ ቀጣዩ ይመጣል።
ኢዳ አሁን አሥራ አንድ ናት፤ መንገዱ ረዝሟል።

ሃያ ዓመት ሒሳብ ስሠራ ድምሩን ነው የማየው፤
መሐል ያለን ቁጥር ማን ዞሮ ሊያየው?
ከሌሼክ ጋር ግን አራት አራት ሆነ፣
በሦስት ትከሻ ላይ ቆሞ የተመዘነ።

ራዶስዋፍ ይጠብቃል፤ ብዕሩን ያዞራል።
የሃሊና መልስ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል።
«የቤተሰብ…» አልኩኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጠፋ፤
የግድግዳው ሰዓት፣ ዝምታው ተስፋፋ።

«ግድ የለም፣ እንዝለለው» አለኝ በትሕትና።
«አይዘለልም» አልኩት፣ ወንበሬን ሳብ አደረግሁና።
አንድ ጣቴን አነሣሁ። «አንደኛው ዓመት፣ ማንኪያ።
አንዲት ቃል ናት። ክረምቱን ሙሉ እሷን ስንፈልግ ነበር።
ሁለተኛው ዓመት፣ ስሜ። ሦስተኛው ዓመት
በስልክ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጣላ፤ ኬክ ጋገርን።
አራተኛው…»

ብዕሩ ቆመ። ጻፈ? አልጻፈም።
መስኮቱን አየ። የነሱ መስኮት ነው፤ ንፋስ አይገባውም።

«በአሥራ አራት ቀን ውስጥ እናሳውቅዎታለን» ብለዋል።
ማታ ማታ ሌሼክ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥርልኛል።
ዛሬ ዘጠኝ ደርሷል።
ትንፋሽ እየወሰደ ነው።