ባለ ሰባት ጢሙ

ሐሙስ ማታ ማታ፣ ሙሐረቅ ላይ፣ ልጆቹ ወደ ማናማ ሲያልፉ፣
ባባ ጁምዓ ሣጥኑን ይከፍታል፤
ኮምጣጤ ይሸታል፣ የዚያ ዘመን ትርፉ።
ማሽኑ ይንጣጣል፣ ግድግዳው ይነጣል፣
እኔ ከበሩ ሥር መጥረጊያዬን አቅፌ።
የእሱ ጆሮ አይሰማ፤ ፊልሙም አይናገር፤
የእኔም ዐረብኛ ከ«ናዓም» አይሻገር፤
ሦስት ዲዳ ሆነን፣ ባንድ ጨለማ አገር።

ያ ሰውዬ መጣ።
ሰባት ጢም አለው፤ በቀን የባንክ ሹም፣ በማታ ሐኪም፤
መስታወት ፊት ቆሞ ይነቅላል፣ ይለጥፋል፤
የራሱ ፊት ግን የለም።
በእጁ አይሰርቅም። ትንሿን ጣቱን ብቻ ቀና ካደረጋት፣
ካዝናው ይከፈታል፣ ባቡሩ ይቆማል፣ ሰፈሩን ይበላዋል እሳት።
መርማሪው በጣራ በጣራ ይሮጣል፣ ኮፍያው እየበረረ፤
አፉን ከፍቶ ይጮኻል፤
ምን እንዳለ በማላነበው ፊደል ቀረ።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ኩል የተኳለ ወንድ፣ ዓይኑ እንደ ሙሽራ!
በሦስተኛው ሐሙስ ያችን ጣት አየኋት፤
በወበቁ መሃል ቀዘቀዝሁ እንደ ቆርቆሮ ጣራ።
አውቀዋለሁ እኮ!
ባቲ ገበያ ላይ አቶ ደርብ ነበር፣ ከዘራ ይዞ፤
ኮምቦልቻ ሐጂ ኑረዲን ሆነ፣ መቁጠሪያ ጠምዝዞ፤
አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ «ኢንጂነር» አሉት፣ ክራቫት አሥሮ፤
በሦስቱም ትንሽ ጣት ያው ረጅም ጥፍር፣ እንደ ጦር ተቀስሮ።
እናቴ ላሟን ሸጠች፤ እኔም ፈረምሁ፤
«ናዓም» ማለትን ያኔ ነው የጀመርሁ።

ትናንት ፊልሙ ተቃጠለ፣ ሊያዝ አንድ ደጃፍ ሲቀረው፤
ነጩ ግድግዳ ላይ ቡናማ ቁስል ወጣና
የሰውዬውን ጉንጭ በላው።
ባባ ጁምዓ መጨረሻውን ፍለጋ ቆርቆሮ በቆርቆሮ አገላበጠ፤
በታችኛው ቆርቆሮ ጥቅል የለም፤
ፓስፖርቴ ተኝቷል፣ ፎቶዬ ዓይኑን እንዳፈጠጠ።
ሴት ልጁ ናት ያኖረችው።
እሱ እንደ ፊልም ቁራጭ ወደ መብራቱ አነሣኝ፣ አየኝ፤
ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤
መልሶ ቆለፈኝ።

ዝም አልሁ። ዝምታማ ሰባት ሐሙስ የተማርሁት ነው።
ቁልፉ ከሻሹ ሥር፣ ሻሹ ከትራሱ፣
ትራሱን የማነጥፈው እኔው።
ጢም አልለጥፍም፤ ካባም አልደርብ፤
አንድ ፊት ይበቃኛል፣
በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ሲመላለስ
ማንም ቀና ብሎ ያላየው።